ማታ ሳይፍቁ አይተኙ፦ ጥርስንና ድድን በየቀኑ የመንከባከቢያ ዝርዝር መመሪያ

የጥርስ ሕክምና ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። «ጥርስዎን መቼ ነው የሚፍቁት?» መልሱም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ጠዋት ጠዋት፣ ፊቴን ስታጠብ።» ልማዳችን ነው። አባቶቻችን ማለዳ ደጅ ላይ ቆመው መፋቂያቸውን እያኘኩ ነበር ቀኑን የሚጀምሩት፤ ሰው ፊት ሳይቀርቡ አፍን ማጽዳት ደግሞ ጨዋነት ነው። ጥርስን የሚበላው ነገር ግን ጨዋነት አያውቅም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው እኛ ስንተኛ ነው።

ምክንያቱ ምራቅ ነው። ቀን ቀን ምራቅ አፋችንን ያጥባል፣ ባክቴሪያ ስኳርን በልቶ የሚያወጣውን አሲድ ያለዝባል፣ ከጥርሱ የሟሟውን ካልሲየምና ፎስፌት መልሶ ይለጥፋል። እንቅልፍ ሲወስደን የምራቅ መጠን በጣም ይቀንሳል። ከእራት በኋላ የጠጣነው ሻይ ስኳር፣ በመንጋጋ መሐል የቀረው የዳቦ ፍርፋሪ ሌሊቱን ሙሉ ጠባቂ በሌለው ቤት ያድራል። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚፍቁ ከሆነ ያቺን አንዷን ወደ ማታ ያዙሯት። ከዚያ በኋላ ጠዋትን ይጨምሩ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ እንኳ ይህችን ይያዙ፤ የቀረው እሷን በደንብ የመሥራት ጉዳይ ነው።

1. ዕቃዎቹ

ብሩሽ ሲገዙ ለስላሳውን ይጠይቁ፤ ጭንቅላቱም ትንሽ ይሁን። ሱቅ ውስጥ «ጠንካራው ነው የሚያጸዳ» የሚል ሰው አይጠፋም። አይስሙት። ባክቴሪያው ጥርስ ላይ የሚሠራው ሽፋን ለስላሳ ነው፤ በጣት ጥፍር ሲፈቀፈቅ እንደ ነጭ ሊጥ ይወጣል። እሱን ለማንሳት የብረት ድስት መፈግፈጊያ አያስፈልግም። ጠንካራ ብሩሽ ድድን ወደ ሥሩ እንዲሸሽ ያደርጋል፤ የተገለጠው የጥርስ አንገት ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ በነካው ቁጥር ይጠዘጥዛል። የኤሌክትሪክ ብሩሽ ጥሩ ነው፤ እጅ ለሚያማቸውና ለአረጋውያን በተለይ ይረዳል። ግን ግዴታ አይደለም።

ብሩሽ በየ3 ወይም 4 ወሩ ይቀየራል። ቀን መቁጠር ለማይወዱ እኔ የምሰጣቸው ዘዴ በዓል ነው፤ እንቁጣጣሽ አንድ፣ ገና አንድ፣ ፋሲካ አንድ። ከፋሲካ እስከ እንቁጣጣሽ ስለሚረዝም ሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ ይጨመራል። ጸጉሩ ወደ ጎንና ጎን ከተንጨባረረ ግን በዓል አይጠበቅም። በወሩ የሚንጨባረርብዎ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የብሩሹ ሳይሆን የክንድዎ ነው፤ በጣም እየተጫኑ ነው።

የጥርስ ሳሙናን በተመለከተ ከቱቦው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። የሚፈልጉት ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ነው፤ መጠኑም ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm፣ ከሚሊዮን ክፍል ስንቱ ፍሎራይድ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ) ይሁን። ቁጥሩ በትንንሹ ተጽፎ ይገኛል። የከሰል ዱቄት ያለበት፣ ዕፅዋት ብቻ የሆነ፣ «ነጭ የሚያደርግ» የሚባለው ሁሉ ፍሎራይድ ከሌለው ለአፍ ጠረን ካልሆነ በቀር ጥርሱን ከመበላት ብዙም አያድነውም። ጥሩ ሽታና ብዙ አረፋ የጥራት ምልክት አይደሉም። ውድ መሆኑም እንዲሁ።

ከነዚህ ሌላ የጥርስ ክር ወይም በጥርስ መሐል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ከፋርማሲ ይግዙ። መስታወትም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የራሱን የኋላ ጥርስ አይቶ አያውቅም።

2. አፋፋቁ

እዚህ ላይ ልዘገይ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው የሚመስለን ግን ማንም ያላስተማረን ነገር ስለሆነ።

ሳሙናውን በሽምብራ ፍሬ መጠን ይጨምሩ። ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር መሙላት ሳሙና ሻጩን ነው የሚጠቅመው። ብሩሹን እንደ እስክሪብቶ በጣት ጫፍ ይያዙት፤ በጡጫ ከያዙት ክንድ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይመጣል።

አሁን ዋናው ነገር። የብሩሹን ጸጉር በጥርሱ መሐል ላይ አያሳርፉት። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ በግምት 45 ዲግሪ አዘንብለው፣ ግማሹ ድድ ላይ ግማሹ ጥርስ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። ለላይኛው ጥርስ ጸጉሩ ወደ ላይ፣ ለታችኛው ወደ ታች ያያል። ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጥልቀቷ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች ኪስ አለች። የድድ በሽታ የሚጀምረው እዚያች ኪስ ውስጥ ነው፤ ጥርሱ ከፊት ሲያዩት እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ድዱ የታመመ ሰው የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ጸጉሩ ኪሷ አፍ ላይ ካረፈ በኋላ ብሩሹን ሳያንሸራትቱ እዚያው ባለበት ያንቀጥቅጡት፤ አጭር፣ ቀላል እንቅስቃሴ፣ 10 ጊዜ ያህል። ከዚያ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ጠረግ ያድርጉት። ወደሚቀጥሉት 2 ወይም 3 ጥርሶች ይሂዱ። ወለል እንደሚወለውል ሰው ግራና ቀኝ በረጅሙ መጎተት ሁለት ጉዳት አለው፤ በኪሷ ውስጥ ያለውን አያወጣም፣ የጥርሱን አንገት ደግሞ ቀስ በቀስ እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል።

ቅደም ተከተል ያስይዙት፤ ካልሆነ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይዘለላል። እኔ የምመክረው ከተዘነጋው መጀመር ነው። የብዙ ሰው አፍ ሲከፈት ቆሻሻው በብዛት የሚገኘው በታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ፣ ምላስ በሚነካው በኩል ነው። የምራቅ ዕጢ ቱቦ የሚከፈተው ከምላስ ሥር እዚያው ፊት ለፊት ስለሆነ በምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን ያልተጠረገውን ሽፋን ቶሎ ወደ ድንጋይ ይለውጠዋል። ሁለተኛው የድንጋይ ሰፈር ጉንጭ የሚነካው የላይኛው መንጋጋ ነው፤ እዚያም ሌላ የምራቅ ቱቦ አለ። ስለዚህ፦ መጀመሪያ የታች ውስጠኛው፣ ቀጥሎ የላይ ውስጠኛው፣ ከዚያ የውጭ ጎኖች፣ በመጨረሻ የማኘኪያው ገጽ። ለፊት ጥርሶች ጀርባ ብሩሹን ያቁሙትና በጫፉ ይሥሩ። ለላይኛው የኋላ መንጋጋ ደግሞ አፍዎን በጣም አይክፈቱ፤ በሰፊው በተከፈተ አፍ ጉንጭ ይወጠርና ብሩሹን አያስገባም። ገርበብ አድርገው ሲከፍቱት ቦታ ይገኛል።

ምላስንም ከኋላ ወደ ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥረጉት። መጥፎ የአፍ ጠረን ከሆድ ነው የሚባለው በአብዛኛው ትክክል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከምላስ ጀርባና ከድድ ነው።

ሁሉም በድምሩ 2 ደቂቃ ይፈጃል። አጭር ይመስላል፤ አንድ ቀን ስልክዎ ላይ ሰዓት ቆጥረው ይሞክሩትና ምን ያህል እንደሚረዝም ያያሉ።

ሲጨርሱ አረፋውን በደንብ ይትፉ፤ አፍዎን ግን በውኃ አይጉመጥመጡ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ፍሎራይዱ ግን ጥርሱ ላይ መቆየት አለበት፤ በአንድ ጣሳ ውኃ ካጠቡት ገንዘብ የወጣበትን መድኃኒት ወደ ማጠቢያው እየላኩት ነው። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ደግሞ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ብሩሹን ለማጠብ ግማሽ ኩባያ ይበቃል። «ውኃ ስላልነበረ አልፋቅሁም» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ያበቃል።

ከማታው ፍቂያ በኋላ ከንጹህ ውኃ በቀር ምንም ወደ አፍ አይገባም።

3. ድድ ሲደማ

«ሲደማብኝ ፈርቼ ተውኩት።» ይህን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማው! ሰውየው የተወው በትክክል መጨመር በነበረበት ሰዓት ነው። ጤነኛ ድድ በለስላሳ ብሩሽ ሲነካ አይደማም። የሚደማው በኪሷ ውስጥ የቆየው ባክቴሪያ ድዱን ስላስቆጣው፣ የደም ሥሮቹም ስላበጡ ነው። ፍቂያው ሲቆም ቆሻሻው ይጨምራል፣ እብጠቱ ይብሳል፣ ድዱም በሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ይደማል።

የሚደማውን ቦታ በቀስታ፣ ግን ሳያቋርጡ፣ በቀን 2 ጊዜ ያጽዱት። መሐሉንም በክር ይግቡበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቅዎ ቀይ ይሆናል፤ አይደንግጡ። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደሙ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ካልቀነሰ ድንጋይ ተጋግሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ድንጋይ ደግሞ በብሩሽ አይወጣም፣ ሐኪም ነው የሚያነሳው።

ስለ ድድ ሲነገር ጤነኛው ሮዝ፣ የታመመው ቀይ እንደሆነ ይጻፋል። ለእኛ ይህ ምልክት ብዙ አይሠራም። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ወይም ዝንጉርጉር ነው፤ ያ ቀለም እንደ ቆዳ ቀለም ያለ ነው እንጂ ሕመም አይደለም። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችና እህቶች ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው። ስለዚህ ቀለሙን ትተው ሌላ ይመልከቱ፦ በሁለት ጥርስ መሐል የምትገባዋ የድድ ጫፍ ሾጣጣ ናት ወይስ አብጣ ተድቦልቡላለች? ሲነኩት ይደማል? ጠዋት ትራስ ላይ ወይም እንጀራ ሲጎርሱ ደም ይታያል? ጥርሱ ከበፊቱ ረዝሞ ይታያል? (ጥርስ አይረዝምም፤ ድዱ ሸሽቶ ነው።) የድድ ንቅሳት የሚደማ ድድን ያድናል የሚባለውም እውነት አይደለም። ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ከሥር ያለውን አያክምም፤ በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ሲነቀስ ደግሞ እንደ ጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ያሉ በሽታዎች ይተላለፋሉ።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ላይደማ ይችላል። ኒኮቲን የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብ ነው፤ በሽታው ግን ከሥር እየተባባሰ ይሄዳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ያደርገዋል። ነፍሰ ጡር ሴት በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ድዷ በቀላሉ ይደማል። «ልጅ አንድ ጥርስ ይወስዳል» የሚባለውን ይርሱት፤ ጽንሱ ካልሲየም ከእናቱ ጥርስ አይስብም። ጥርሱ የሚሄደው ማቅለሽለሽ ሲበዛ ፍቂያው ስለሚቀር፣ ሐኪም ዘንድ መሄድም ስለሚፈራ ነው። ካስመለሳት በኋላ ወዲያው አትፋቅ፤ በውኃ ተጉመጥምጣ ግማሽ ሰዓት ትቆይ።

ድዱ ብቻ ካበጠ ይድናል። ቁጣው ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ከጀመረ ግን የጠፋው አጥንት በራሱ አይመለስም፤ ማቆም ብቻ ነው የሚቻለው። መንጋጋ «ምንም ሳያመኝ ተነቃነቀ» የሚሉ ሰዎች ታሪካቸው ይኸው ነው።

4. ብሩሽ የማይደርስበት

ቁርጥ የበላ ሰው ስቴኪኒ ሲፈልግ ማየት የተለመደ ነው። ስቴኪኒ የተሰካ ሥጋ ለማውጣት ይሠራል፤ በቀስታ ከተያዘ ክፋት የለውም። የጥርሶቹን ጎን ግን አያጸዳም፤ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ከተወጋ ደግሞ የድዷን ጫፍ እየገፋ ክፍተቱን ያሰፋዋል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሥጋ የሚሰካብዎ ከሆነ እዚያ የተበላ ጥርስ ወይም የላላ ሙሊት ሊኖር ስለሚችል ያስመርምሩ።

ክር እንዲህ ነው፦ አንድ ክንድ ያህል ይቁረጡ። ሁለቱን ጫፎች በመሐል ጣቶችዎ ላይ ጠምጥመው በመሐላቸው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይተዉ። በጥርሶቹ መሐል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሹ በቀስታ ያስገቡት፤ በኃይል ተጭነው ቢለቁት ድድ ይቆርጣል። ከገባ በኋላ አንዱን ጥርስ እንደ መቀነት አቅፎት ከድዱ ሥር ትንሽ እስኪገባ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ። ከዚያው ሳይወጡ የጎረቤቱን ጥርስ ያቅፉት። ወደሚቀጥለው ሲሄዱ ንጹሑን የክር ክፍል ያምጡ። የልብስ ስፌት ክር አይጠቀሙ፤ ይበጣጠስና ቅሪቱ ድድ ውስጥ ይቀራል። በጥርሶችዎ መሐል ሰፊ ክፍተት ካለ ክሩን ትተው ትንሿን ብሩሽ ይጠቀሙ፤ እንዲያውም ለሰፊ ክፍተት ከክር ትሻላለች። በቀን አንዴ፣ ከማታው ፍቂያ በፊት።

5. መፋቂያስ?

መፋቂያን የሚንቁ ሰዎች ይገርሙኛል። ወይራው፣ ክትክታው፣ ቀጨሞው ለዘመናት አገልግለውናል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አካባቢ አጠቃቀሙን ደግፏል። መንገድ ላይ ታስሮ የሚሸጠው እንጨት በትክክል ከተያዘ የጥርስን የፊት ገጽ ጥሩ አድርጎ ያጸዳል፤ ማኘኩ ራሱ ምራቅ ያመጣል።

እርጥብ የሆነውን ይምረጡ፤ የደረቀ ድድ ይቧጥጣል። ጫፉን ልጠው ጭረቱ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ ያኝኩት። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በቁም ይፋቁ፤ በአግድም እየጎተቱ የሚፍቁ ሰዎች የፊት ጥርሳቸው አንገት ላይ እንደ መጥረቢያ ምት ያለ ቁርጥ ይዘው ይመጣሉ። የተጠቀሙበትን ጫፍ በማግስቱ ይቁረጡት። ለሌላ ሰው አያውሱ።

ጉድለቱ ሁለት ነው። የጥርሶቹን ጀርባና የኋላውን መንጋጋ በደንብ አያገኝም፤ በቂ ፍሎራይድም የለውም። እኔ ብጠየቅ ቀን በመፋቂያ፣ ማታ በብሩሽና በሳሙና እላለሁ። ብሩሽ ከሌለም መፋቂያውን በሳሙና ቀብቶ መፋቅ ከምንም ይሻላል።

6. ስኳር፣ ቡናና ሰዓት

አንድ ሰው በቀን ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚወስድ ብቻ ቢነግረኝ ስለ ጥርሱ ብዙ አላውቅም። ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ቢነግረኝ ግን ብዙ አውቃለሁ። ስኳር አፍ ውስጥ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ባክቴሪያው አሲድ ያመነጫል። የአሲድ መለኪያው ፒኤች (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች ሲወርድ የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል፤ ምራቅ ያንን ለማረጋጋት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ጥገናው ይጀመራል።

አሁን የቡናችንን ሥርዓት ያስቡት። አቦል በ2 ማንኪያ ስኳር። ወሬው ይቀጥላል። ቶና በ2 ማንኪያ። በመሐል ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻ በየደቂቃው በጥቂት በጥቂቱ ይቃማል። ከዚያ በረካ። ምራቅ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው እየመጣ ጥርሱ ለሁለት ሰዓት ያህል በአሲድ ውስጥ ይቀመጣል። ያንኑ ስኳር በአንድ ጊዜ ከምሳ ጋር ቢወስዱት ጉዳቱ ያነሰ ነበር። ቡናውን ተዉ አልልም፤ ማን ይሰማኛል? ግን አቦሉን በስኳር ከጠጡ ቶናና በረካውን ያለ ስኳር ይሞክሩት። በጨው የሚጠጣበት አካባቢ አለ፤ ጤና አዳም ጣል ማድረግም ጣዕም ይሰጣል። ፈንዲሻውን ያለ ስኳር፣ ወይም በምትኩ ቆሎ። ቆሎም ቢሆን በደንብ የተለቀመ ይሁን፤ በጠጠር የተሰበረ መንጋጋ ብዙ አይቻለሁ። በመጨረሻ አንድ ሲኒ ውኃ አፍ ውስጥ አዙረው ይዋጡት።

በዚህ ሚዛን ሌላውንም ይመዝኑት። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ከረፋድ እስከ ቀትር የሚጠባው ጣፋጭ ሻይ፣ ታክሲ ውስጥ ቀስ እያለ የሚጎነጨው ለስላሳ (አንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው፣ አሲዱ ሳይቆጠር)፣ የሳል ከረሜላ። ማርም ስኳር ነው፤ «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ባክቴሪያውን አያታልለውም። ጫት የሚቅም ሰው አፉ ይደርቃል፣ ድርቀቱን በለስላሳና በስኳር ሻይ ይገፋዋል፤ በሚቅምበት ጎን ያለው ድድና ጥርስ ቀድሞ ሲጎዳ እናያለን። በምትኩ ውኃ መጎንጨትና ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም።

ጥርስ ያነጣል ተብሎ በሎሚ የሚታሸውን በተመለከተ፦ የሚያነጣው የጥርሱን የላይ ሽፋን በማሟሟት ነው። ከወራት በኋላ የሚታየው ከሥር ያለው ቢጫው አካል ነው። ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ለስላሳ ከወሰዱ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይፋቁ፤ የለሰለሰውን ሽፋን በብሩሽ ይጠርጉታል።

ጾም በአንድ በኩል ለጥርስ ዕረፍት ነው፤ አፍ የሚሠራበት ጊዜ ይቀንሳል። በሌላ በኩል አፍ ይደርቅና ጠረን ይመጣል። ምላስን ማታ በደንብ መጥረግ ብዙ ያቃልለዋል። በረመዳን ደግሞ ዋናው ፍቂያ ከሱሁር በኋላ፣ ጾሙ ሳይገባ ይሁን፤ ሌላው ከመኝታ በፊት። ቀን በመስዋክ መፋቅ የቆየ ልማድ ነው። ተምርና ጣፋጩ በኢፍጣር ሰዓት አንድ ላይ ይበላ እንጂ እስከ ሌሊት በየመሐሉ አይቀማመስ።

7. ልጆች

የመጀመሪያዋ ጥርስ 6 ወር አካባቢ ስትበቅል ፍቂያ ይጀመራል። እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ ያህል ሳሙና፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል። ልጁ ሳሙናውን እንዳይውጥ፣ እንዲተፋ ያስተምሩት። አያያዙ ለሚያስቸግራችሁ እናቶች አንድ ዘዴ አለ፤ ሹሩባ ስትሠሩ እንደምታስቀምጡት ልጁን ከፊታችሁ አስቀምጡት፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጭናችሁ ላይ አስደግፉት። አፉ ሙሉ በሙሉ ይታያችኋል፣ እጁም አይደርስባችሁም። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ ልጁ ብቻውን ቢሞክርም ማታ ማታ ትልቅ ሰው ይድገምለት።

ጡጦ ይዞ የሚተኛ ሕፃን የላይ የፊት ጥርሶቹ በ2 ዓመቱ ጥቁር ጉቶ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ፤ በተለይ በውስጡ ስኳር ያለው ሻይ ወይም ጭማቂ ከሆነ። ማታ ከፍቂያ በኋላ ጡጦ ካስፈለገ ውኃ ብቻ።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» በሚል የሚጠፋ አንድ ጥርስ አለ። 6 ዓመት አካባቢ፣ ከወተት መንጋጋዎቹ በስተኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ወላጅ አያስተውለውም፤ ቢያስተውለውም የወተት ይመስለዋል። ቋሚ ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚያኝኩበት ዋናው መንጋጋ ነው። ገጹ ጥልቅ ስንጥቆች ስላሉት ቶሎ ይበላል። ልጅዎ 6 ዓመት ሲሞላው አፉን ከፍተው ይፈልጉት፣ ብሩሹንም እስከዚያ ያድርሱት። ሐኪም ስንጥቆቹን በመሙያ ሊሸፍናቸው ይችላል፤ አያምም።

ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን ማስቧጠጥና ያልበቀለ ጥርስ ማስወጣት ግን ፈጽሞ አይደረግም። ከድዱ ሥር የሚያብጠው ነጭ ነገር ሊበቅል የተዘጋጀ ጤነኛ ጥርስ ነው። ተቅማጡ የሚመጣው ሕፃኑ በዚያው ዕድሜ ምግብ ስለሚጀምርና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚያስገባ ነው፤ የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ጤና ጣቢያ ነው።

8. ስምጥ ሸለቆ ላደጉ

ወንጂ፣ መቂ፣ ዝዋይና በአካባቢው በጉድጓድ ውኃ ያደገ ሰው ጥርሱ ቢበልዝ ስንፍና አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ የፍሎራይድ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ገደብ፣ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ በላይ ነው። ጥርስ ገና በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ድረስ፣ ብዙ ፍሎራይድ ከተጠጣ ቡናማው ቀለም ከጥርሱ ጋር አብሮ ይሠራል። አጥብቆ በመፋቅ አይለቅም፤ በአመድና በከሰል ማሸት የቀረውን ሽፋን ያስጨርሳል እንጂ። ሐኪም ቀለሙን የሚቀንስበትና የሚሸፍንበት መንገድ አለው።

በነዚህ አካባቢዎች ትንሽ ልጅ ካለዎት ለልጁ የሚጠጣ የዝናብ ውኃ ወይም ከፍሎራይድ የተጣራ ውኃ ይፈልጉ። ማፍላት አይጠቅምም፤ ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራል፣ መጠኑም ይጨምራል። ሳሙናውን ግን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ከተተፋ ይበቃል።

9. ከቤት የማያልቀው

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ድድዎ የሚቸገር ከሆነ ሁለት ጊዜ፣ ጥርስዎን ያሳጥቡ። «ከታጠብኩ በኋላ ተነቃነቀብኝ» የሚሉ አሉ። ድንጋዩ የላሉትን ጥርሶች እንደ ሲሚንቶ አያይዟቸው ነበር፤ ሲነሳ የነበረው መላላት ይታያል። ለጥቂት ቀን መጠዝጠዝም ይኖራል፣ ያልፋል።

ጥርስ ሲያምም ቅርንፉድ መያዝ ለአንድ ሌሊት ያስታግሳል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ድዱን ያቃጥለዋል፤ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። በጭስ የሚወጣ የጥርስ ትል የለም። ለቀናት ሲጠዘጥዝ የከረመ ጥርስ ድንገት ዝም ካለ አይደሰቱ፤ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ መግል ነው። ፊት አብጦ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃተ፣ ትኩሳት ከመጣ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

ልጅ ኳስ ሲጫወት ቋሚ የፊት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ቢወልቅ ጥርሱን ፈልጉት። ነጩን ክፍል ይያዙ፣ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈግፍጉ። ቆሻሻ ከያዘው በወተት ወይም በውኃ ለጥቂት ሰከንድ አለቅልቀው፣ ልጁ ነቅቶ የሚተባበር ከሆነ ወዲያው ወደ ቦታው መልሰው መሐረብ ያስነክሱት። ካልሆነ ወተት ውስጥ ይክተቱት፤ ወተት ከሌለ የልጁ ምራቅ ውስጥ ይሁን እንጂ በውኃ ውስጥ አይቀመጥ፣ በወረቀት ተጠቅልሎም አይድረቅ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሰ ጥርሱ ተመልሶ የመያዝ ዕድሉ ጥሩ ነው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ሊበቅል የተዘጋጀውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳልና።